ቆራጥ ሰው መጋዙን እንዴት ይገድላል?

ባሕር ዛፉ ቆሟል። ገዢው አይሱዙውን አስጠግቶ ይጠብቃል፤ ጫኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ባለመጋዙ ገመዱን ለሠላሳ ሁለተኛ ጊዜ ይስባል። ሞተሩ "ትርር" ይልና ዝም። ካንዴላው ይፈታል፣ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረጋል፣ ይመለሳል። ገመዱ ይሳባል። ዝም።

ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ የዕድል ጉዳይ ይመስላል። አይደለም። በደህና የተሠራ የሞተር መጋዝ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ተለፍቶበት ነው፤ ቆራጥ ሰው ይፈልጋል። መጋዛቸው ለዓመታት እያገለገለ ያስቸገራቸው ጀማሪዎች የቆራጡን መንገድ ከቤንዚኑ ጀምረው ቢከተሉ ይበጃቸዋል።

የመጋዙ ሞተር ባለሁለት ምት፣ ጋራዥ ውስጥ ቱ ስትሮክ የሚባለው ዓይነት ነው። እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም። ፒስተኑና ክራንክ ሻፍቱ የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚመጣ ዘይት ብቻ ነው። ለዛሬዎቹ መጋዞች የተለመደው ልክ 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፦ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። ለሊትር የሚደርሰው የቡና ስኒ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቆራጡ ግን ቁጠባ የሚጀምረው ከዚችው ከግማሽ ስኒ ነው። ቤንዚኑን ብቻውን ይሞላል። ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ምንም አይለውም፤ ባለቤቱም "ድሮም ዘይቱ ነበር ያከበደው" ይላል። ጥቂት ቆይቶ ፒስተኑ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጥጥና እዚያው ነክሶ ይቀራል።

ሆደ ቡቡ ለሆነ ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ በዓይን ግምት ጠብ ማድረግ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው እንዲሉ፣ ዘይት አልተጨመረም እንዳይባል ጠብ ይደረጋል፣ ፒስተኑ ጋ እንዳይደርስ ደግሞ ጠርሙሱ ቶሎ ይከደናል። ከመኪና የተረፈ የሞተር ዘይት ከተገኘም "ዘይት ያው ዘይት ነው" ተብሎ ይገባል። ያ ዘይት ከቤንዚን ጋር እንዲነድ የተሠራ ስላልሆነ ካንዴላውና ማርሚታው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀመጣል።

ድብልቁን ክረምቱን ሙሉ ማቆየትም አይከፋም፤ ጀሪካኑ ክዳን ከሌለው በፌስታል ይወተፋል። የአምራቾች መመሪያ ድብልቅ ቤንዚን ከአንድ ወር ብዙም እንዳይቆይ ይመክራል፤ ሲቆይ ይበላሻል፣ ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ትቶ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ የፊንጫአ ኢታኖል የገባበት ቤንዚን መቅዳት ስትጀምር ለመኪናው ብዙም አልከበደውም። መጋዝ ግን ጥግ ላይ ቆሞ ይከርማል፤ ኢታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ የካርቡራተሩንም ስስ ላስቲክ ያጎሳቁላል።

የአየር ፊልትሮው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሰጋቱራ ሲደፍነው ሞተሩ አየር ያጥረዋል፣ ይጨሳል፣ ቤንዚን ይጨርሳል። በብሩሽ ማራገፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ስለዚህ አይደረግም። ቆራጡ በምትኩ ካቻቢቴውን አንሥቶ ወደ ካርቡራተሩ ማስተካከያ ብሎኖች ይሄዳል። የፊልትሮውን ጥፋት ካርቡራተሩ እንዲከፍል ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ቀጭን ጩኸት ይጮኻል፤ ባለቤቱ "አሁን ተነሣ!" ይላል። ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፤ ጩኸቱ የሙቀት ጩኸት ነው። ሚኒሞውንም ከፍ ካደረገው ሰንሰለቱ ጋዝ ሳይሰጠው በራሱ መዞር ይጀምራል።

ሰንሰለቱ ላይ ሲደረስ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ቡፎርድ ኮክስ የተባለ የአሜሪካ ሰው፣ ኦሪጎን ጫካ ውስጥ አንድ የጥንዚዛ እጭ ጉቶ ሲበላ ያያል። እጩ በመንጋጋው ግራና ቀኝ እያለ፣ በእንጨቱ ርዝመትም በአግድሙም እኩል ይቦረቡራል። ኮክስ ይህን አይቶ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ የሚቆርጡ ጥርሶች ያሉት ሰንሰለት ሠራ፤ የዛሬዎቹ ሰንሰለቶች በአብዛኛው የዚያ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እጩ ሞረድ አያስፈልገውም።

ሰንሰለት ክብ ሞረድ ይፈልጋል፣ ልኩም እንደ ሰንሰለቱ ይለያያል፤ ለትንንሾቹ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኞቹ 4.8፣ ከፍ ላሉት 5.2። የሚሳለውም በብዙዎቹ ሰንሰለቶች 30 ዲግሪ ያህል ጋደል ተብሎ ነው። ቆራጡ ቤቱ ያለውን፣ ገጀራ የሚስልበትን ጠፍጣፋ ሞረድ ይወስዳል። እጁ የለመደው አንድ አቅጣጫ ስለሆነ የቀኙን ጥርሶች አሳምሮ ስሎ የግራዎቹን ነካ ነካ ያደርጋል፤ መጋዙም ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም፣ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ይህም ካልበቃው፣ ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት የቆመችውን ትንሽ ጉብታ ሙልጭ አድርጎ ይሞርዳታል። ያቺ ጉብታ ጥርሱ በአንድ ጉርሻ ምን ያህል እንደሚቆርጥ የምትወስን ናት፤ ከጥርሱ ጫፍ ዝቅ የምትለውም በብዙዎቹ ሰንሰለቶች 0.65 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እሷ ስትጠፋ ጥርሱ አቅሙን የማያውቅ በላተኛ ይሆናል፤ እንጨቱን ነክሶ ይይዛል፣ መጋዙንም ከነባለቤቱ ይንጣል።

ስለት ለመጨረስ ግን ከሁሉ የሚፈጥነው አፈር ነው። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አገሩን የሞላው ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ነው፤ ለዚህም ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል። ዝቅ ሲባል አፈርና ጠጠር አለ። ጠንቃቃ ሰው ግንዱን ዙሪያውን ጠርጎ፣ የተረጨውን ጭቃ ልጦ ይጀምራል። ቆራጡ ምላሱን (ሰንሰለቱ የሚሾርበትን ረጅም ብረት እንዲህ እንበለው) መሬቱ ውስጥ ይሰደዋል። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ስለሚሮጥ ጠጠር ለመንካት ዓይን እስኪጨፈን አይፈጅበትም። ስለታም ሰንሰለት ስንጥር ስንጥር ያወጣል፣ የደነዘው ዱቄት። ዱቄት ካየ ቆራጡ አይስልም፤ በደረቱ ተጭኖ ይገፋል።

ምላሱና ሰንሰለቱ የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ የሚፈስበትም ቋት ለብቻው ነው። እዚያ ከጋራዥ የተለቀመ የተቃጠለ ዘይት ይገባል፤ በነፃ ነዋ! ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይበላል፣ ጥቀርሻው ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሲረጭም የሚያርፈው የቆራጩ እጅና ፊት ላይ ነው። ከዚያ ምላሱ ደርቆ ሲጨስ እንደ ዕጣን ይታያል።

ሰንሰለት ሲግል ይለጠጥና ይላላል። ደንቡ በሥራ መሐል ከላላ ማጥበቅ፣ ሥራ ሲያልቅ መልሶ ማላላት ነው። ቆራጡ የመጀመሪያውን ብቻ ይወስዳል። ማታ ሰንሰለቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ምላሱን አንቆ፣ ክራንክ ሻፍቱንና ኩሽኔታውን ሲጎትት ያድራል። ባለቤቱ ተኝቶ መጋዙ ይበላሻል። ከዚህ የቀለለ ሥራ የት ይገኛል?

የእጅ መከላከያው ላይ ያለው ፍሬን በላስቲክ ይታሰራል፤ በየጊዜው እየያዘ ሥራ ስለሚያስፈታ። የምላሱ ጫፍ የላይኛው በኩል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሰው ፊት ይወነጨፋል፤ ያን ጊዜ ከሰው እጅ ቀድሞ ሰንሰለቱን የሚያቆመው ያ ፍሬን ነው። እግረ መንገድን፣ ሰንሰለታም መጋዝ ሲፈጠር ለዛፍ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤትከንና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች የሠሩት፣ በእጅ የሚሳብ የአጥንት መቁረጫ ነበር። ፍሬኑን ያሰረ ሰው መሣሪያውን ወደ ቀድሞ ሙያው እየመለሰው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መጋዙ ካልሞተ የቀረው መጠገን ነው። ፍሪሲዮኑን ለመፍታት ፒስተኑ እንዳይዞር መያዝ አለበት፤ ዐዋቂዎች በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ ገመድ ያስገባሉ። ቆራጡ ካቻቢቴ ያስገባና የፒስተኑን አናት ይበሳዋል። የአብዛኞቹ መጋዞች ፍሪሲዮን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። እሱ ግን ቺያቤው ላይ ቱቦ ቀጥሎ፣ በመዶሻም እየረዳ፣ ሊፈታው የፈለገውን ሲያጠብቅ ይውላል።

ማታ ላይ አይሱዙው ባዶውን ይመለሳል። አንድሪያስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመን ውስጥ የሠራው ባለቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ የዛሬው ከ5 ወይም ከ6 ኪሎ ብዙም አያልፍም። በማግስቱ ጠዋት በበሩ "ቁራሌው!" የሚል ድምፅ ሲያልፍ ይህ ልዩነት ይቆጫል፤ ቁራሌው ዋጋ የሚቆርጠው በኪሎ ነውና።