ጡረታ በጂ+1

አዲስ አበባ ውስጥ ስልሳን የተሻገረ ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጉልበቱ ነው ብሎ የሚገምት ካለ ከተማዋን አያውቃትም። መጀመሪያ የሚታሰበው ለቀስተኛው ነው። ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል? ክፉ ቀን ቢመጣስ? የልጅ መልስ ቢሆንስ? ክርስትና፣ ማኅበር፣ ተዝካር ሲደርስ ያ ሁሉ ሰው የት ይቀመጣል? ስለዚህ ባለቤቱ ገና በቁሙ፣ በገዛ ጥሪቱ፣ የራሱን ለቅሶ መቀመጫ ይሠራል። እንዲህ ያለውን አርቆ አሳቢነት ማድነቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ይኸው ሰው ታዲያ የዕድር መዋጮውን አንድም ወር አጓድሎ አያውቅም። ዕድሩ ድንኳን አለው። አግዳሚ ወንበር አለው። ብረት ድስቱ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ መጋዘን ተቀምጧል። ግቢው ካልበቃ ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል፤ መኪናው ዞሮ ይሄዳል፤ ሹፌሩም «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል እንጂ አይቆጣም። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ እያለ ለዚያ ቀን ተብሎ 45 ካሬ ሜትር ሳሎን ይገነባል። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳሎኑ ይቆለፋል። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ።

አቅሙን ሕግ ለክቶ ሰጥቶታል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ስሌት፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በ60 ዓመቱ ሲወጣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከአሥር ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት የደከመ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። 12,000 ብር ይከፈለው የነበረ 6,600 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ገቢው ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ያን ጊዜ ነው ቤቱ በእጥፍ የሚሰፋው። የዕቁቡ ዕጣ፣ ከውጭ የተላከው ዶላር፣ ከአሮጌው ቤት ሽያጭ የተረፈው፣ የሚስት ወርቅ ሳይቀር ሲሚንቶና ፌሮ ይሆናል።

ፕላን የሚሠራው ወጣት ብዙ አይለፋም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለቀ ነገር አለው። ለሠላሳ አምስት ዓመቱ ነጋዴም ለስልሳ ሦስት ዓመቱ ጡረተኛም የሚያወጣው ያንኑ ነው፤ ስሙንና የካርታ ቁጥሩን ብቻ ይቀይራል። ከታች ዘጠኝ በአምስት ሳሎን፣ ምግብ ቤት፣ «ዘመናዊ ኪችን»። መሀል ላይ ደረጃ። ከላይ ማስተር መኝታ ከነመታጠቢያው፣ ለልጆች ደግሞ ሦስት ክፍል። ከፊት ለፊት እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ሁለት ድቡልቡል ምሰሶዎች ይቆማሉ። የተሸከሙት ነገር የለም፤ ከሩቅ እንዲታዩ ነው።

ስለ 45 ካሬ ሜትሩ አንድ ነገር ይባል። በከተማዋ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ነበር የታሰበው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጅ፣ አንዳንዴም ከገጠር የመጣች አክስት የሚኖሩበት ቤት ሙሉ በሙሉ በዚህ ሳሎን ውስጥ ይገባል። ሳሎኑ ውስጥ የሚኖረው ግን ሶፋ ነው። ፕላስቲኩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አልተገፈፈም። ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጡ ብርጭቆዎች አሉ፤ እንግዳው ሲመጣ ቢራውን ከጠርሙሱ ይጠጣል። ባልና ሚስቱ ማታ ማታ የሚገኙት ጓሮ ነው፣ ሰርቪስ የምትባለው ትንሽ ቤት ደጃፍ፣ ከሰሉ ዙሪያ። ሽሮው የሚንተከተከውም እዚያው ነው። «ዘመናዊው ኪችን» ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ ካቢኔቱ ነጭ ነዋ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ መኖር ያልበቃው ሰው ሦስት ሜትር ይጨምርበታል። ሦስት ሜትር ማለት፣ አንዱ ደረጃ 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወደ አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። መድኃኒቱ ላይ ነው፤ መነጽሩ ታች ነው። ስልኩ ታች ይጮሃል፤ ሰውየው ላይ ነው። በቀን አራት ጊዜ ወጥቶ የወረደ ሰው 144 ደረጃ ረግጧል፤ ያውም የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ፣ ያውም በነጠላ ጫማ። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ እንደሚወድቁ ጽፏል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቁጥር ዝቅ እንዳይል ሴራሚክ መራጮች የድርሻቸውን እየተወጡ ነው። ሸካራውን ሴራሚክ ሻጩ ቢያሳይም «ይሄማ የግቢ ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ደረጃው ራሱ መሬት ይበላል። በየፎቁ አሥር ካሬ ሜትር ግድም፣ በድምሩ ሃያ። ማንም የማይተኛበት፣ ማንም የማይቀመጥበት ሃያ ካሬ ሜትር ነው፤ ብረቱ፣ ኮንክሪቱና ግራናይቱ ግን ከየትኛውም ክፍል አያንስም። በጀት ጠባብ ነው ብሎ የሚያማርረው ባለቤት ከዚህ ላይ አይቆርጥም። የሚቆርጠው ከመታጠቢያ ቤቱ የእጅ መደገፊያ ላይ ነው። «እሱ የሆስፒታል ነው የሚመስለው» ይላል።

ፎቅ ላይ ጃኩዚም አለ። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሠፈር ጃኩዚ ምን ይሠራል የሚል ሰው ሞኝ ነው። ፈረቃው ሲደርስ ይሞላል፤ ከዚያ በጆግ እየተቀዳ ሽንት ቤት ይደፋበታል። በዋጋው ሁለት ሮቶ ተገዝቶ ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ይኸው ውኃ በቧንቧ በወረደ ነበር፤ ሮቶ ግን ለእንግዳ አይታይም።

የልጆቹ ክፍሎች ተቆልፈዋል። ቁልፎቹ በእናትየው ነጠላ ጫፍ ተቋጥረዋል። ልጆቹ ቨርጂኒያና ዱባይ ናቸው፤ ለገና ወይም ለክረምት ብቅ ይላሉ፤ ሲመጡም «ማሚ፣ ውኃ የለም እኮ» ብለው በሁለተኛው ቀን ሆቴል ይይዛሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከልክሎ፣ ቦታውንም በ500 ካሬ ሜትር ወስኖ ነበር። ትርፍ ቤት ያኔ ተወረሰ። ትርፍ ክፍልን ግን የወረሰው የለም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ በደንብ ተዋልዷል።

የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል የሚመጣው ቤቱ አልቆ ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። 6,600 ብር አላደርስ ይላል። ደላላ ይጠራል። ትልቁ ቤት ለቢሮ፣ ለአፀደ ሕፃናት ወይም ለክሊኒክ ይከራያል። ባልና ሚስቱ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ሰርቪስ ይገባሉ። ያን ሁሉ ዕብነ በረድ የመረጡለት ሳሎን የሕመምተኛ ካርድ ማውጫ ይሆናል፤ ማስተር መኝታው የዶክተር ክፍል። ጌታዬው አንድ ቀን ወገባቸውን ለመታየት ሲገቡ በገዛ ሳሎናቸው ተራ ይጠብቃሉ።

ሰርቪሷ ታዲያ መጥፎ ቤት አይደለችም። መሬት ላይ ናት። ደረጃ የላትም። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ጥቂት እርምጃ ነው። ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። ማገዶው፣ ምጣዱ፣ ውኃው እጅ ሥር ነው። በግቢው ውስጥ ለሽማግሌ ተብሎ የተነደፈ የሚመስለው ብቸኛው ቤት እሷ ናት። ችግሩ ለሠራተኛዋና ለዘበኛው ተብላ መሠራቷ ነው። «ለእነሱ ምን አነሳቸው» ተብሎ በሩ 70 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ኮርኒስ አልተመታም፤ ቆርቆሮው በቀን ያግላል፣ በሌሊት ያንቀጠቅጣል። ሽንት ቤቷ ቁጢጥ የሚባልባት ናት። የሃያ ዓመቷ ሠራተኛ በነበረችበት ዘመን ማንም ስለ ጉልበት አላነሳም። አሁን ግን እትዬ ራሳቸው ቁጢጥ ብለው ሲነሱ ግድግዳውን ይይዛሉ፤ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ነገር የለም። ያን ዘመን ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ብረት ለሠራተኛዋ ቢቸሩ ኖሮ ዛሬ ለእሳቸው ይሆን ነበር።

ሕግ አላስገደዳቸውም። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዘዘው የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን ነበር፤ በገዛ ቤቱ መውደቅ የዜጋው መብት ነው። ያው አዋጅ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ የምሰሶዎቹ ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ፎቅ የሌለው ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጣጣው አነስተኛ የሆነው ምድብ ነው። ጡረተኛው ግን በቀላሉ መውጣት አይወድም።

ለፎቁ የሚሟገቱ ሰዎች አንድ እውነት አላቸው፤ ይሰጣቸው። ቦታው ጠባብና ውድ ነው፣ ጡረታው አያኖርም፣ ኪራይ ያስፈልጋል። ልክ ነው። እንደዚያ ከሆነ ደረጃው በውጭ በኩል ይውጣ፤ ላዩ ለብቻው ይከራይ፤ አሮጊትና ሽማግሌው ታችውን ይያዙ። መሐንዲስ የማያስፈልገው ሐሳብ ነው። ይህን ለባለቤቱ የነገረ ሰው የሚያገኘው መልስ ግን የታወቀ ነው፦ «ተከራይ በላዬ ላይ ሊሄድብኝ?» በክብሩ የመጣበት ሰው ጓሮ ገብቶ ማደርን ይመርጣል። ሰርቪስ ውስጥ ሲሆን በላዩ የሚሄደው ድመት ብቻ ነው።

ለሁለት ሽማግሌዎች ምን ይበቃል ቢባል፣ ስድስት ሜትር በአሥር ሜትር ይበቃል። ስድስት ሜትሩ ያለ መሀል ምሰሶ ጣሪያ ይሸከማል። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጣሪያው አይታጠፍም፤ ያልታጠፈ ጣሪያ ደግሞ በመጋጠሚያው አያፈስም። 3.6 በ3.6 መኝታ፤ አጠገቡ ደፍ የሌለው መታጠቢያ፤ ከመታጠቢያው ግድግዳ ጀርባ ወጥ ቤቱ፣ ሁለቱ በአንድ ቧንቧ እንዲጠጡ። ሃያ ሁለት ካሬ ሜትር ግድም የሚሆን መቀመጫ ከወጥ ቤቱ ጋር ክፍት ሆኖ፤ ለመጣ ልጅ ወይም ለአስታማሚ ሦስት በ2.8 ክፍል። በሮቹ ሁሉ 90 ሴንቲ ሜትር፤ ከ70ው ጋር ልዩነታቸው ሃያ ሴንቲ ሜትር ጣውላ ነው። መታጠቢያው ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዞር አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ። ወለሉ ከግቢው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ አንድ ለአሥራ ሁለት በሚባለው ስሌት 1.8 ሜትር ተዳፋት ይበቃዋል። ሳሎኑ እንዲኮራ ብሎ ወለሉን 45 ሴንቲ ሜትር ያስነሳው ሰው ለዚያው ተዳፋት 5.4 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ የመኪናው ቦታ ተበላ። በረንዳው ወደ ምሥራቅ።

ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ይህንኑ በካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ሥለው፣ በማስመሪያ ለክተው፣ ፕላን ወደሚሠራው ልጅ ይዘው ሄዱ። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ማዘር፣ ጎበዝ ነዎት። ይሄ እኮ ሰርቪሱ ነው፤ ዋናውን ቤት የት እናድርገው?»

«ዋናው እሱ ነው ልጄ።»

«እሺ፤ እንግዳ ሲመጣስ?»

«እንግዳማ በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣል።»

ልጁ አልተከራከረም። በሳምንቱ ፕላኑን አትሞ አስረከባቸው፤ ልኩ አንድም አልተዛነፈም። የግቢው ካርታ ላይ ግን ቤታቸውን ከጓሮ አጥር ጋር አጣብቆ «ሰርቪስ» ብሎ ጽፎበታል። ከፊቱ የቀረውን ሰፊ ቦታ በነጠብጣብ መስመር ከቦ ውስጡ እንዲህ ይላል፦ «ዋና ቤት፣ ጂ+2፣ ወደፊት የሚሠራ»።