ባለርስት ያጣ መስኮት

በአገራችን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሁሉ ባለርስት አለው። ሕጉ አይጻፍ እንጂ ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ ይከበራል። ከመስኮቱ ጥግ የተቀመጠ ሰው የመዝጋት ሙሉ ሥልጣን አለው። ለመክፈት ግን ከኋላው ያሉትን፣ ከእነሱ ኋላ ያሉትን፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበችውን እናትና ጉንፋኑ ገና ያልለቀቀውን ሕፃን ማስፈቀድ አለበት። እስካሁን የፈቀደ አልተገኘም።

ወደ ጎጃም የሄደ ሰው ያውቀዋል። መኪናው ከጎሃ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ አባይ ድልድይ ሲደርስ ተሳፋሪው በላብ ተጠምቋል። አንዱ ደፋር መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋ ሲያደርገው ከኋላ "ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ሊመታን ነው!" ይባላል። ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ሲደረስ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዝና ክርክሩ በዚያው ይዳፈናል። ከደጀን ወደ ቢቸና ሲታጠፉ የበላይ ዘለቀ አገር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ለጣሊያን ያልተንበረከከ ሕዝብ ሁለት ጣት ነፋስ እንዲህ ሲያስደነግጠው ሳይ፣ ጣሊያን ይዞት የመጣው መሣሪያ ሁሉ የተሳሳተ እንደነበር ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ መኪና በግማሽ ይጫን፣ መስኮት ይከፈት ሲባል እንኳ ሕዝቡ ሰፊውን ወንበር እያመሰገነ ተቀበለ፤ መስኮቱን ግን "ኮሮናውስ ገና ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፣ ነፋሱ እኮ አሁን እየገባ ነው" ብሎ መለሰው።

የጣሪያው መስኮት ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ያለው ከመተላለፊያው በላይ ስለሆነ ጥጉ የሚቀመጥ የለም፤ ባለርስት የለውም። የሁሉም ነውና ስለሱ ለመወሰን ጉባኤ ያስፈልጋል።

ይህን ጉባኤ በደንብ የተከታተልኩት በሰሙነ ሕማማት፣ ከስዊድን ለፋሲካ ከመጣው የአክስቴ ልጅ ጋር ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ አገር በጋ ሲሆን አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው መኪና ተከራይቶ ከሚስቱ ጋር ይዞራል። አክስቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው "ምነው፣ አከራያችሁ አስወጣችሁ?" ብላ ነበር። ለመዝናናት ነው ቢላትም አላመነችም፤ ሽማግሌ ልትልክ ሁሉ አስባ ነበር።

የተሳፈርነው ቅጥቅጥ አይሱዙ ነው። ከመናኸሪያው ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ የአክስቴ ልጅ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ክፍት ነው! ሹፌሩን አስቁሙት!"

"ምኑ ነው ክፍት?" አለ ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ። በሩም ክፍት ነበር።

ነገሩን ሲያስረዳኝ ስጋቱ እውነት ነው። እነሱ ዘንድ ሰው ጠዋት ቡናውን ያፈላል፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ የጣሪያውን መስኮት ይከፍታል፣ ከዚያ ረስቶት ሞተሩን ያስነሳል። ክዳኑ ከፕላስቲክ ነው፤ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፍጥነት ሲጨመር ከማጠፊያው ይገነጠልና ከኋላ በሚመጣው መኪና መስታወት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከመነሳትህ በፊት ዝጋ ይላል፤ አንዳንዱ መኪና ላይም ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ መብራት አለ። የእነሱ አደጋ እንግዲህ ከመርሳት የሚመጣ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ መርሳት የሚባል ነገር የለም፤ መኪና ሙሉ ሕዝብ ከመስኮት ሌላ አያስብም። ለእኛ መብራት ቢገጠምልን በሩቡ ሰዓት ይቃጠላል።

"አያ፣ አትስጋ" አለው ረዳቱ። "በሽመል ተደግፏል።"

እውነትም ተደግፏል። የክዳኑ መቀርቀሪያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በቦታው የአንድ ሽማግሌ ሽመል ቆሟል። ታችኛው ጫፉ ከወንበር ብረት ጋር ተገጥሟል፣ ላይኛው ክዳኑን ይዟል። ባለቤቱ እግራቸውን በሽመሉ ዙሪያ አቆላልፈው በኩራት ተቀምጠዋል። በክፍተቱ በኩል ፖርቶ መጋላው ላይ የታሰረ የፋሲካ በግ አንገቱን አስግጎ ስብሰባውን ይታዘባል።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። ከጣሪያ በላይ የሚሮጠው አየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው ግን ባለበት ነው፤ ስለዚህ ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። የክዳኑ አፍ ወደ ፊት ከዞረ ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ክዳን ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው፣ መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የሚያርፍበት ኃይል ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ሸክም ገደማ ነው። በ80 ሲሄድ ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆንና 6 ኪሎ ይደርሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ከዚህም ይበልጥ ነበር፤ ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው "ታዲያ ስስ ከሆነ ምን ያስፈራል?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ድሮ መንገዱ ጠጠር ሳለ ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም ነበር፤ መኪናው 40 ሲሞላ ተሳፋሪው ጸሎት ይጀምራልና። ደግሞም አቧራው ራሱ ሁሉን ያዘጋል። አስፋልቱ አቧራውን ወስዶ ፍጥነቱን ሰጠን።

ከዚህ በኋላ ጉባኤው ተከፈተ። እትዬ ነጠላ (ስማቸውን ስላላወቅሁ ነው) "ይዘጋ" አሉ። ከኋላ ወንበር የሞጣ ኮሌጅ ተማሪዎች "ታፈንን፣ ይከፈት" አሉ። አንድ ቄስ በጉን ቀና ብለው አይተው ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ቦታቸውን ለአንድ ተማሪ በትሕትና ለቀቁ። ተማሪው አመስግኖ ተቀመጠ። ብዙም ሳንሄድ ከላይ ለብ ያለ ጠብታ ወረደበት፤ ዝናብ መሰለውና "በሚያዝያ!" ብሎ ተደነቀ። ቄሱ ወደ ውጭ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ ከ"ይዘጋ" ወገን ጽኑ ሰው ሆነ፤ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ።

ደብረ ወርቅ ላይ ሽማግሌው ወራጅ ናቸው። ሽመላቸውን ሲነቅሉ ክዳኑ በአንድ ጊዜ ድርግም አለ፤ በጉም ደንግጦ ጣሪያውን ደበደበው።

"አባባ፣ ሽመሉን እስከ ሞጣ ይተዉልን፤ ነገ ስመለስ አደርስልዎታለሁ" ብሎ ረዳቱ ለመናቸው።

"ባዶ እጄን ልግባ? ተማርኮ መጣ እንዲሉኝ?" ብለው ወረዱ።

ረዳቱ እንግዲህ የቀረውን መፍትሔ አወጣ፤ ከመቀመጫ ሥር የካላማዳሪያ ቁራጭ መዝዞ ክዳኑን ከወንበሩ ብረት ጋር ጠፍሮ አሰረው። ቋጠሮው ጎማ በጎማ ላይ የተጎነጎነ ነው፤ እሱ ራሱም የሚፈታው አይመስለኝም። እትዬ ነጠላ ተመስገን አሉ። የአክስቴ ልጅ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ተጨነቀ።

"ይህ እኮ የአደጋ መውጫ ነው" አለ። "መኪና በጎኑ ሲወድቅ በሩ ከሥር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣሪያው ግድግዳ ይሆናል፣ ሰው በዚህ በኩል ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው በብዙ አገር የአውቶቡስ ደንብ ከውስጥም ከውጭም በቀላሉ ይከፈት የሚለው። መዝጋት ነው እንጂ ማሰር የለባችሁም!"

መኪናው ጸጥ አለ። ቄሱ አማተቡ፤ ረዳቱ ቋጠሮውን ቀና ብሎ አየ፤ ተማሪዎቹ ቢላዋ ያለው ሰው እንዳለ በሹክሹክታ ተጠያየቁ። በመጨረሻ እትዬ ነጠላ ከአፋቸው ላይ ጨርቁን ዝቅ አድርገው ዘወር አሉ።

"ልጄ፣ ተገልብጠናል?"

"አልተገለበጥንም።"

"እንግዲያው ስንገለበጥ ይከፈታል። እስከዚያ ነፋስ ለምን ይምታን?"