ጋምላ ስታን፦ ለእማዬ ቤት ንባብ የተዘጋጀ

ጋምላ ስታን የስቶክሆልም አሮጌው ከተማ ነው። የሜላረን ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር በሚገናኝበት ደሴት ላይ የተቆረቆረ ሲሆን፣ የስቶክሆልም ስም በጽሑፍ የተገኘው በ1252 ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አባዬ እንደ ልማዱ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ሊቀንስ ይችላል። መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፤ በድንጋይ ተነጥፈዋል፤ ቤቶቹ ቢጫና ቀይ ተቀብተዋል። በበጋ የመርከብ ቱሪስት ይሞላቸዋል። በኅዳር መጨረሻ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ «በቀን እየተኛህ ስልክ አታነሳም» የሚለው የእታለም ክስ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

አሮጌውን ከተማ ማንም ብቻውን ዞሮ ሊያየው ይችላል። ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ከሚመራ ሰው ኋላ ከማያውቁት ሕዝብ ጋር ተሰልፎ ማየትም አለ። የግል ጉብኝት የሚባለው ከሁለቱም ይለያል፤ አስጎብኚው ለተወሰነ ሰዓት የሚቀጠረው ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ ቡድን ብቻ ነው። ሒሳቡ በሰዓት እንጂ በሰው ስላልሆነ አንድ ሰው ቢመጣም ቤተሰቡ በሙሉ ቢመጣም ክፍያው ያው ነው። እማዬ ይህን ደንብ ብታውቅ እድሩን በሙሉ አስከትላ ትመጣ ነበር። ከቤቱ ወጥቶ ባሕር የተሻገረው ልጅ፣ ከዚህ በኋላ «ጎብኚው» የሚባለው፣ ይህን ክብር ያገኘው ከመሥሪያ ቤቱ በተሰጠው የስጦታ ኩፖን ነው። ኩፖኑ ለሁለት ሰው የሚሆን ነበር።

አስጎብኚዋ ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድማ ቆማ ተገኘች። ሁለተኛውን ሰው መጠበቅ ግዴታዋ ስለመሰላት ሰዓቷንና መንገዱን እያፈራረቀች ታይ ነበር። በስቶክሆልም አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከማያውቀው ሰው አጠገብ የሚቀመጠው ሌላ ወንበር ሲጠፋ ብቻ ነው፤ በእንዲህ ያለ ከተማ ኩፖን የሚካፈል ሰው ለማግኘት ስልክ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ማንበብ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጎብኚው «ሁለተኛዋ እህቴ ነበረች፤ ቪዛ አላገኘችም» ሲላት አስጎብኚዋ ከልቧ አዘነች። እታለም ቪዛ ጠይቃ አታውቅም። ብትመጣም ከቤተ መንግሥቱ ዘበኛ ጋር በመግቢያ ዋጋ ስትከራከር ጉብኝቱ እስካሁን አይጀመርም ነበር።

ጉዞው ከቤተ መንግሥቱ ጎን ከሚገኘው አደባባይ ይነሳል። በቤተ መንግሥቱ ቦታ የነበረው ትሬ ክሮኑር የተባለ ግንብ በ1697 በእሳት ወድሟል። በዚያው የጸደይ ወራት የሞተው የንጉሥ ካርል 11ኛ አስከሬን ገና ሳይቀበር ውስጡ ስለነበር፣ ባለሟሎቹ በጭስ መሐል ተሸክመው አወጡት። አዲሱን ቤተ መንግሥት ኒኮዴሙስ ቴሲን ነደፈው፤ ንጉሣውያኑ የገቡበት በ1754 ነው። ከ600 በላይ ክፍሎች አሉት። የዛሬው ንጉሥ ግን ከ1981 ጀምሮ መኖሪያቸውን ከከተማው ወጣ ባለው ድሮትኒንግሆልም አድርገዋል፤ ይህ ሁሉ ክፍል የሚገኘው የኪራይ ቤት ወረፋ በዓመታት በሚቆጠርበት ከተማ ውስጥ ነው። እትዬ «ማን ይጠርገዋል?» ማለቷ ስለማይቀር ጥያቄው ቀድሞ ቀርቧል። አስጎብኚዋ እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሰው እንደሌለ ተናግራ በማስታወሻዋ ጻፈችው። ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አውሮፓ በተጓዙ ጊዜ ስቶክሆልምንም ጎብኝተዋል፤ አባዬ ይህን በእያንዳንዱ እራት ላይ ስለሚያነሣው እዚህ ማስፋፋት አያስፈልግም።

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ ከፊንላንዶች ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቁመት ያለው የብረት ልጅ ተቀምጧል። ጉልበቱን አቅፎ ጨረቃን ያያል። የሠራው ሊስ ኤሪክሰን ነው። በብርድ ጊዜ የከተማው ሰዎች በልኩ የተሠራ ኮፍያና የአንገት ልብስ ያለብሱታል፤ ሳንቲምና ከረሜላም ያስቀምጡለታል። ለጎረቤቱ በአሳንሰር ውስጥ ሰላምታ የማይሰጠው ሕዝብ ለብረት ልጅ ሹራብ ይሠራል። ጎብኚው ሳይንቀሳቀስ አጠገቡ ቢቀመጥ ምን ሊደርሰው እንደሚችል ለጊዜው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሹራቡ በቁመቱ የሚገኝ ስላልሆነ ሐሳቡ ቀረ።

ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተጎራበተው ስቶርሺርካን የከተማይቱ ካቴድራል ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን ለቅዱስ ኒቆላዎስ የተሰየመ ነው። ቱሪስት የሚገባው ትኬት ቆርጦ ነው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ለእማዬ ከተቀመጠች በኋላ ይነበብላት። የካቴድራሉ ትልቁ ሀብት ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ሐውልት ነው። ከሉቤክ የመጣው በርንት ኖትኬ በኦክ እንጨት ቀርጾታል፤ የዘንዶው አካል እሾሃማ ሆኖ የሚታየው የእውነተኛ የሰሜን አጋዘን ቀንዶች ስለተሰኩበት ነው። ያሠራው የስዊድን ገዢ ስቴን ስቱሬ ነው። በ1471 ብሩንኬበርግ በተባለው ኮረብታ ላይ የዴንማርክን ንጉሥ ድል ያደረገው በቅዱስ ጊዮርጊስ ረዳትነት እንደሆነ አምኖ ሐውልቱን አሠራ፤ የተመረቀውም በ1489 መጨረሻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጫማ ጥቂት ማለት የግድ ነው። ስዊድኖች ሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ግን አያወልቁም። በእማዬ ቤት ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። ጎብኚው ገና ከበሩ ፈረሱን ሲያይ እጁ ወደ ጫማው ክር ወረደ፤ ጫማውን ከግድግዳው ሥር አስቀምጦ፣ አማትቦ፣ መቃኑን ተሳልሞ ገባ። የግራው ካልሲ በአውራ ጣቱ በኩል ክፍት ነበር፤ ይኸውም እታለም «አይቀደድም፣ የፋብሪካ ነው» ብላ የላከችው ነው። ከኋላው የነበሩት የመርከብ ቱሪስቶች በራሱ ተማምኖ በባዶ ካልሲ የሚራመደውን ሰው አዩ፤ ተያዩ፤ ከዚያም የቦታው ደንብ መስሏቸው አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው ከክራቸው ጋር ይታገሉ ነበር። ትኬት ቆራጩ ቀና ሲል በሩ ሥር ሁለት ረድፍ ጫማ ተደርድሯል። የጎደለው ጫማ ጠባቂ ብቻ ነበር። «ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም» ብሎ በቅርብ ላሉት ሊያስረዳ ሞከረ፤ እነሱ ግን ባዶ እግሩን የቆመውን ጎብኚ በጣታቸው እያመለከቱ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ገለጹለት።

አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ፊቷን ወደ ሐውልቱ አዙራ ነበር። «ይህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው እማዬን በርበሬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ብሎ እንደ መጠየቅ ነበር። መልሱ ከቤሩት ተነሥቶ፣ በዘንዶው አድርጎ፣ ጋሼ በስለት የተገኘበትን ዓመት ነክቶ፣ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ አመራ። ከዚያ ጎብኚው ስህተት ማረም ያዘ። ኖትኬ የንጉሡን ልጅ ከበግ ጋር ለብቻዋ በሌላ መቆሚያ ላይ አንበርክኳታል። ብሩታዊት ግን፣ ሥዕል ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዛፍ ላይ ነው የምትሆነው። «ዛፉ የት ሄደ?» ተብሎ በጥብቅ ተጠየቀ። አስጎብኚዋ ከ1489 ጀምሮ ዛፍ እንዳልነበረ መለሰች፤ ጎብኚው ይህ የስዊድኖች ጉዳይ እንጂ የብሩታዊት እንዳልሆነ አስረዳ።

ክርክሩ ቀጥሎ ወደ ጦር ሜዳ ተሻገረ። ስዊድኖች ሰማዕቱን ለብሩንኬበርግ ይጠሩታል፤ ኢትዮጵያውያን በ1896 ታቦቱን ይዘው አድዋ ዘምተዋል። በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል 425 ዓመት ስላለ ፈረሱ በቂ ዕረፍት እንዳገኘ በጋራ ስምምነት ተደረሰ። የበዓሉም ነገር ተነሣ። ምዕራባውያን ኤፕሪል 23 ያከብሩታል፤ ሚያዝያ 23 ግን በእነሱ ሜይ 1 ላይ ይውላል። ሰማዕቱ በስምንት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይከበራል ማለት ነው፤ አስጎብኚዋ ይህንንም ጻፈች። በዚህ ጊዜ ባዶ እግሩን የሆነው ሕዝብ ግማሽ ክብ ሠርቶ ያዳምጥ ነበር። ፎቶ የሚያነሱት ሐውልቱን ይሁን ካልሲውን አልተለየም።

ሲያበቃ እኚያው ሽማግሌ ቀርበው ወረቀት ብር ዘረጉ። ሁሉ ነገር በካርድ በሚከፈልበት አገር ይህ ብርቅ ነው። ጎብኚው ባደገበት ሥርዓት መሠረት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ በፍጹም! አይሆንም!» አለ። በእማዬ ደጅ ይህ የድርድሩ መክፈቻ ነው፤ ሰጪው ይምላል፣ ተቀባዩ ይሸሻል፣ በመጨረሻ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ በግድ ይከተታል። ሽማግሌው ግን «ይቅርታ» ብለው ብሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ጋሼ ይህን ክፍል ለብቻው እንዳያነበው፤ ሳቁ ጎረቤት ያስነሣል።

ስቶርቶርየት የሚባለው አደባባይ ከካቴድራሉ በጥቂት እርምጃ ይርቃል። በኅዳር 1520 የዴንማርኩ ክርስቲያን 2ኛ ስቶክሆልምን ከያዘ በኋላ ምሕረት አውጆ በስቶርሺርካን ዘውድ ጫነ፤ መኳንንቱንና ጳጳሳቱን ለቀናት ደገሰላቸው። ድግሱ ሲያበቃ በሮቹ ተዘጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ሰማንያ የሚያህሉ ሰዎች፣ ከነጳጳሳቱ፣ በአደባባዩ ላይ ተገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የጉስታቭ ቫሳ አባት ነበር፤ ልጁ ሸሽቶ ተነሥቶ በ1523 ነገሠ፤ ስዊድንም ከዴንማርክ ተለየች። ያልተጠራበት ሠርግ ሁሉ ላይ የሚገኘው ጋሼ ከዚህ ታሪክ ቢያንስ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ማየትን እንዲማር ይመከራል።

በፕሬስትጋታን መንገድ ማዕዘን ላይ ከግድግዳ ግርጌ የተገነባ የቫይኪንግ ዘመን ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አለ። ግንበኞች እንደ ማንኛውም ድንጋይ አግኝተው ቤት ሠሩበት። ጽሑፉ አባትና እናት ለልጃቸው መታሰቢያ እንዳቆሙት ይናገራል። እማዬ ሐሳቡ እንዳይመጣላት፤ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው ባለ መነጽሩ ፎቶ ይበቃል።

ሞርተን ትሮትሲግ ከጠባቦቹ መንገዶች ሁሉ የጠበበው ነው። ሠላሳ ስድስት ደረጃ አለው፤ ጠባቡ ቦታ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው በ1581 ከቪተንበርግ ፈልሶ መጥቶ በብረትና በመዳብ ንግድ ከከበረ ጀርመናዊ ነው፤ መንገዱ ከ19ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ በአጥር ታጥሮ ቆይቶ በ1945 እንደገና ተከፈተ። እትዬ በዚህ ለማለፍ ብትወስን ከታች ትራፊክ ፖሊስ ማቆም ያስፈልጋል። አባዬ «ፍራሽ ለብሶ ነው የሚሄደው?» ያለበት ፎቶም የተነሣው እዚሁ ነው። ጃኬቱ ግድግዳውን ከሁለት በኩል የነካው ስለተነፋ ነው፤ ከውስጥ ያለው ሰው እናንተ የምታውቁት ያው አጥንት ነው።

ደረጃው ወርዶ ያርንቶርየት በተባለው አደባባይ አጠገብ ያበቃል፤ የጉብኝቱ የመጨረሻ ክፍል ቡና ነው። ስዊድኖች በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡት ሕዝቦች መካከል ናቸው። ይሁንና መንግሥታቸው ከ1756 ጀምሮ ቡናን በተደጋጋሚ ከልክሎ ነበር፤ ሲኒና ጀበና እስከ መውረስ ደርሷል። እማዬ በዚያ ዘመን ብትኖር የዕድሜ ልክ እስረኛ ነበረች። ዛሬ በብዙ ካፌ ሁለተኛው ሲኒ በነፃ ይሞላል፤ ቄጠማና ዕጣን ግን አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው ስለ እሳት አደጋ ደንብ ይነገረዋል።

አስጎብኚዋ በዚህ ቡና ላይ የራሷን ጥያቄ ያመጣች ሲሆን ውጤቱ ቤተሰቡን ይመለከታል። ለጥምቀት አዲስ አበባ ትመጣለች፤ እታለም በግል ታስጎበኛታለች፤ ሒሳቡ በሰዓት ነው። ሥጋ አትበላም፤ ይህ በሽታ አይደለምና ጠበል አትውሰዷት። «በቃኝ» ካለች በቅቷታል፤ ጉርሻ ከመሰንዘሩ በፊት ይነገራት። ጫማዋን ከሳሎን በር ላይ ታወልቃለች፤ ውሻው ቡቺ እንዳይወስደው አንድ ሰው ይመደብ። የመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በራሷ ሰዓት ደግሞ በዘጠኝ ነው። ጋሼ መኪና ይዞ እንዲቀበላት ስለተወሰነ፣ ለእሱ አንድ ሰዓት ተብሎ ይነገረው።