ቆሞ ስለሚውል ፈረስ፦ ከአቦ ማዞሪያ እስከ ጀርመን አደባባይ የተደረገ ጥናት

ስለ ኢትዮጵያዊና ስለ ፈረሱ የሚጻፍ ሁሉ ዓድዋ ላይ ይጀምርና ዓድዋ ላይ ያልቃል። ፈረሱ ጋልቦ ይገባል፣ ጌታው ይፎክራል፣ አቧራው ይጨሳል፤ ከዚያ ወዲያ ፈረሱ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ጥናት የት እንደደረሰ ያውቃል። መካኒሳ አቦ ነው ያለው። አስፋልቱ መሃል፣ ከአካፋዩ አጠገብ፣ ጎኑን ለታክሲ ሰጥቶ ቆሟል።

የኢትዮጵያ ፈረስ በሁለት ዐቢይ ክፍሎች ይመደባል፤ የሚሄድና የማይሄድ። የሚሄደውን ሌሎች በደንብ ስለጻፉበት በሶምሶማው፣ በደንገላሳውና በሽምጡ ላይ ወረቀት አናባክንም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰውማ የእኛን ማብራሪያ ምን ያደርግለታል? ለመዝገብ ያህል አንድ ነገር ብቻ እንበል። ድሮ መኳንንቱ መንገድ ሲወጡ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነበር፤ ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ ባዶውን ከጎን ይሳባል፤ የሚወጡበት ውጊያ ሲመጣ ነው። እንግዲህ ፈረስ ያለ ሥራ በአደባባይ መታየት የጀመረው መካኒሳ ላይ አይደለም ማለት ነው።

የማይሄደው ፈረስ ደግሞ በሦስት ይከፈላል፤ በስም የቆመ፣ በነሐስ የቆመና በአስፋልት የቆመ።

በስም የቆመው ታላቁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፤ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ይህ ሁሉ የፈረስ ስም ነው። ለፈረሱ የሰው ስም የሚያወጣ አገር ሞልቷል፤ እኛ ግን የፈረሱን ስም ለንጉሡ አውጥተን ዙፋን ላይ አስቀመጥን። ከሁሉም ሩቅ የተጓዘው የራስ መኰንን ቃኘው ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ስሙን ከእርሱ ወረሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ አሜሪካኖች አሥመራ ላይ የነበራቸው የሬዲዮ ጦር ሰፈር ቃኘው ተባለ። ቃኘው ሞቶ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ የመካኒሳው ፈረስ በሕይወት ሳለ ማዞሪያውን አልተሻገረም።

በነሐስ የቆመው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ፈረስ ነው። በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የፊት እግሮቹን አንስቶ ሊዘል ስለተዘጋጀ «የማይሄድ» በሚለው ምድብ መግባቱ አከራካሪ ነው፤ ሆኖም እስካሁን አልዘለለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሾፌር ሁሉ ያለ ክላክስና ያለ ስድብ የሚዞረው ፈረስ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አስፋልቱ እንምጣ።

አንባቢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአቦ ሥዕል ላይ አንበሶችና ነብሮች አሉ፤ ፈረስ የለም። ፈረስ የጊዮርጊስ ነው። ስለዚህ የመካኒሳው ፈረስ ከደብሩ ጋር ያለው ግንኙነት የጉርብትና ነው። ቢሆንም ወር በገባ በ5 ቀን ነጠላ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሲሞላ እሱም አይቀርም፤ እንደ ወትሮው ቆሞ ይገኛል።

የአስፋልት ፈረስ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ጠርዘኛው ነው፤ የመንገዱን ዳር ሣር ይግጣል፣ ዘበኛ ያባርረዋል፣ ዘበኛው ሲቀመጥ ይመለሳል። ሁለተኛው መሃለኛው ነው፤ ከአካፋዩ ጎን መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ ይቆማል፤ ሕግ አክባሪ ስለሆነ የሚጻፍበት ነገር የለም። ሦስተኛው አግዳሚው ነው።

አግዳሚው ራሱን አንዱ መስመር ላይ፣ ጭራውን ሌላው መስመር ላይ አድርጎ መንገዱን እንደ መቀነት የሚያስር ፈረስ ነው። ይህን ዓይነት በችኮላ ማለፍ አይቻልም፤ በታክሲም የሚያልፈው የለም።

በመጀመሪያ ስለ ዓይኑ። የፈረስ ዓይኖች ከራሱ ግራና ቀኝ ስለተተከሉ ዙሪያውን በሙሉ ለማየት ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የሚሰወረው ከግንባሩ ፊት ያለችው ትንሽ ቦታና ከጭራው ኋላ ያለው ነው። አግዳሚው በቆመበት አኳኋን ከሳር ቤት የሚመጣውን በአንድ ዓይኑ፣ ከላፍቶ የሚመጣውን በሌላው ይቆጣጠራል። ስለዚህ «አላየኝም እኮ!» የሚለው የሾፌሮች አቤቱታ በሳይንስ ውድቅ ነው። አይቶሃል። ከአቦ ማዞሪያ ጀምሮ ነው ያየህ።

ቀጥሎ ስለ እንቅልፉ። ፈረስ እግሩን የሚቆልፍበት የጅማት አሠራር ስላለው ብዙም ሳይደክም ቆሞ ይተኛል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በሦስት እግሩ ተተክሎ አንዱን የኋላ እግር በሰኮናው ጫፍ ካሳረፈ ተኝቷል፤ ሞተር አጥፉ። ሕልም የሚታይበት ከባዱ እንቅልፍ ግን መጋደም ይጠይቃል። አስፋልት ላይ ተጋድሞ የሚተኛ ፈረስ ደግሞ ብዙ አይቆይም። እናም አግዳሚው ዓመቱን ሙሉ ይተኛል፤ ሕልም ግን ብዙ አያይም።

ለምን አስፋልት ላይ? በዚህ ጥያቄ ሊቃውንት ተከፋፍለዋል። የነፋስ ወገን የሚባሉት «መኪና ሲያልፍ የሚነሳው ነፋስ ዝንብ ያባርርለታል» ይላሉ። የሙቀት ወገን «ማታ ማታ አስፋልቱ ከሣሩ ስለሚሞቅ ነው» ይላሉ። ሦስተኛው ወገን የታክሲ ረዳቶች ናቸው፤ «ለምዶበት ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይህ ጥናት ከረዳቶቹ ጋር ነው። ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ፣ ጡረታ ወጥቶ በየጠዋቱ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንደሚገኝ ሰውዬ ነው፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ አያውቅም።

ከአግዳሚው ሥር ድርብ አግዳሚ የሚባል ንዑስ ዓይነት አለ። ሁለት ፈረሶች የአንዱ ራስ ከሌላው ጭራ ጋር ገጥሞ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ በጭራው የሌላውን ፊት ከዝንብ ይጠብቃል፣ ሌላውም እንዲሁ። በአካባቢያችን ካሉ ማኅበሮች ሁሉ ያለ ሰብሳቢ፣ ያለ ቃለ ጉባኤና ያለ መዋጮ ጠብ የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። ድርብ አግዳሚ ሲቆም ሁለቱም መስመር ይዘጋል፤ የጥናቱም ጊዜ ይረዝማል።

ስለ ጉልበትም ጥቂት እንበል። መሐንዲሶች አንድ የፈረስ ጉልበት ሲሉ 75 ኪሎ ግራም ክብደት በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ማለታቸው ነው። በዚህ ሂሳብ ከአግዳሚው ፊት የተሰለፉት ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና ሲኖትራኮች ተደምረው ብዙ ሺህ ፈረስ ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ ፈረስ ቆመዋል። እሱ በበኩሉ በ1 ሰከንድ ያነሳው ነገር የለም፤ ጆሮውን ካልቆጠርን።

ሰው ለአግዳሚው የሚሰጠው መልስ በክላክስ ይጀምራል። አጭሩ ክላክስ ሰላምታ ነው፣ ረጅሙ ስድብ ነው፣ ተደጋጋሚው ልመና ነው። ፈረሱ ሦስቱንም በእኩል ዓይን ያያቸዋል። ከዚያ ረዳቱ በመስኮት ይወጣል።

«ፋዘር፣ ጠጋ በላ! አንድ ሰው ነው የምናስገባው!»

ፈረሱ አይጠጋም። (ተሳፋሪ «አራተኛ ሰው ነህ፣ ጠጋ በል» ሲባል እንዲህ ቢጸና ኖሮ የከተማው ትራንስፖርት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።)

ከኋላ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት «ተወው ልጄ፣ ደክሞት ነው» ይላሉ።

«እማማ፣ እኛስ መቼ ዐረፍን?» ይላል ሾፌሩ፤ ግን ክላክሱን ይተወዋል።

እዚህ ላይ ጥናቱ ፈረሱ ከየት መጣ የሚለውን ሊዘለው ፈልጎ ነበር፤ አልሆነም። በአገራችን ካሉት ወደ 2 ሚሊዮን ከሚጠጉ ፈረሶች ውስጥ የከተማው ዕጣ ጋሪ ነው። የጋሪ ፈረስ ቁስል አያጣም፤ በቁስሉ ቢቼ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ይገባል፤ እብጠቱ በቆዳው ሥር ተራ በተራ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሕክምናው ረጅም ነው። እንደ ብሩክ ያሉ ድርጅቶች ለጋማ ከብት ሕክምና ቢደክሙም፣ ባለጋሪው የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያው ፈረስ ስለሆነ ያልሠራ ፈረስ የሚቀልብበት አቅም የለውም። ስለዚህ አንድ ማታ ልጓሙን ያወልቅና ይለቀዋል። ልጓሙን ይዞ ይመለሳል፤ ልጓም ዋጋ ያወጣል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ማድረሱንስ አድርሷል፣ ስንቱን ሰው፣ ስንቱን ብሎኬት! እሱን የሚያደርስ ነው የጠፋው። ሲለቅ የታየ ሰው የለም፤ ሁሉም ፈረስ መካኒሳ ላይ በራሱ ፈቃድ የበቀለ ይመስላል። የእነ ታጠቅና የእነ ዳኘው ዘመድ ስም እንኳን የለውም። «ያ ቡላው»፣ «ያ ዳማው» ነው የሚባለው፣ ያውም ቀለሙ በጭቃ ካልተሸፈነ።

ወደ ምደባችን እንመለስ። አራተኛውን ዓይነት፣ ተሻጋሪ ፈረስ የሚባለውን፣ በሰባት ንዑስ ክፍሎች ለማቅረብ አስበን ነበር። በመካከሉ ግን የጉልት ሴትዮዋ የጎመን ገለባ ሰብስባ ወደ መንገዱ ዳር ወረወረች። ግማሽ ሰዓት ለሲኖትራክ ያልተነቃነቀው አግዳሚ ራሱን አዞረ፤ ለአፍታ መሃለኛ ሆነ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጠርዘኛ ሆነ፤ አንገቱን ደፍቶ መብላት ጀመረ። ሦስቱንም ዓይነት በአንድ ጎመን አለፋቸው። ምደባው እዚያው ፈረሰ።

ሴትዮዋ ሌላ ቅጠል ጨመረችለት። «ብላ፣ አንተ ቀልበ ቢስ» አለችው፤ በእጇ ግን ከዓይኑ ሥር ዝንቡን አባረረችለት።

መንገዱ ተከፈተ። ረዳቱ በሩን ደብደብ አድርጎ «ሳበው!» አለና ወደ እኛ ዞረ።

«ሂሳብ!»