ፕሮሎግን ሳይጠይቁ ፕሮሎግን የመማር ጥበብ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብተው፣ መምህሩ «በፕሮሎግ ሠርታችሁ አምጡ» ብለው ከወጡ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ተጽፏል። ፕሮሎግ እ.ኤ.አ. በ1972 አላን ኮልሜሮዌርና ባልደረቦቹ ፈረንሳይ፣ ማርሴ ላይ የፈጠሩት ቋንቋ ነው። እውነታውንና ሕጉን ይነግሩታል፣ ከዚያ ይጠይቁታል። በብዛት የሚጫነው ኤስ ደብሊው አይ ፕሮሎግ ደግሞ ያን ቪልማከር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው። ችግሩ፣ ይህ ፕሮግራም አስጠኚውን ሆዱ ውስጥ ይዞ መምጣቱ ነው። ካልተጠነቀቁ በአንድ መስመር ጥያቄ ሊገባዎት ይችላል። ማምለጫው እነሆ።

1. ሰላምታውን አያንብቡ

ፕሮግራሙ ሲከፈት ጥቂት መስመሮች ይደረድራል። ከመካከላቸው አንዷ፣ አብሮት የተሠራውን እርዳታ ከፈለጉ በሄልፕ ወይም በአፕሮፖስ እንዲጠይቁ ትነግርዎታለች። ዓይንዎን ቶሎ ወደ ታች ያውርዱ። ሄልፕ ስሙን የሚያውቁትን ትእዛዝ ያብራራል። አፕሮፖስ የባሰ ነው፤ ስሙ ለጠፋበት ሰው፣ ጉዳዩን የሚነካ አንድ ቃል ተቀብሎ ተዛማጁን ሁሉ ለቅሞ ያቀርባል። ሁለቱን የለመደ ሰው ዶርም ለዶርም መዞር ስለሚተው ማኅበራዊ ሕይወቱ ይጎዳል።

2. በግምት ይኑሩ

የአንድ ዝርዝር ርዝመት ፈለጉ እንበል። «ሳይዝ» ብለው ይጻፉ። እምቢ ሲል «ካውንት»፣ እሱም እምቢ ሲል «ሌን» ይበሉት። ማሽኑ እንዲህ ያለ ፕሮሲጀር አላውቅም እያለ ይመልሳል። አፕሮፖስን «ሊስት» ብለው ቢጠይቁት ከሚዘረዝራቸው መካከል «ሌንግዝ» ትገኝ ነበር፤ ግን ያለ ልፋት የተገኘ ምን ክብር አለው? አንዳንዴ ማሽኑ ራሱ አዝኖልዎ ተቀራራቢ ስም ይጠቁማል። ቀዩን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ የፈሪ ሥራ ነውና ይዝለሉት።

3. ከማሽኑ ይልቅ ወረቀቱን ይመኑ

ግቢው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ይግቡና ካቻምና የተመረቀ ባች የተወውን ሃንድአውት ያባዙ። የኮፒ ኮፒ ሲሆን መጀመሪያ የምትጠፋው በየመስመሩ መጨረሻ ያለችው ነጥብ ናት። ፕሮሎግ ያለ ነጥብ ነገሩ አለቀ ብሎ አያምንም። ኢንተር ሲመቱ መልሱን ትቶ «|» ያስቀምጥና ቀሪውን ይጠብቃል። እርስዎም መልሱን ይጠብቁ። እንዲህ ተፋጣችሁ ላብራቶሪው እስኪዘጋ መቆየት ይቻላል። አጠገብዎ ያለው ተማሪ «ምን ሆነ?» ካለዎት፣ «ኔትወርክ ነው» ይበሉት።

4. ምልክቶቹን ይናቁ

በስህተት ሄልፕ ከፍተው ከተገኙ፣ ከየመለኪያው (አርጉመንቱ) ፊት የተቀመጡትን ምልክቶች እንደ ጌጥ ይዩዋቸው። የመደመር ምልክት «ይህን አንተ ሰጥተህ ና» ማለት ነው፤ የመቀነስ ምልክት «ይህን እኔ እመልስልሃለሁ»፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ «ብትሰጠኝም ባትሰጠኝም ግድ የለኝም»።

ለምሳሌ «አፔንድ» ሁለት ዝርዝሮችን የሚያጋጥም ትእዛዝ ነው፤ ሦስቱም መለኪያዎቹ የጥያቄ ምልክት አላቸው። ይህን ያየ ሰው ነገሩን ወደ ኋላም ማስኬድ እንደሚቻል ይገባዋል፤ የተጋጠመውን [ቡና, እንሰት] ሰጥቶ «ከምንና ከምን መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ማሽኑም ባዶና ሁለቱ፣ አንድና አንድ፣ ሁለቱና ባዶ እያለ ሦስቱንም አከፋፈል በየተራ ያወጣለታል። እርስዎ ግን አፔንድ ማጋጠም ብቻ እንደሚችል ይመኑና መክፈያውን ሌሊቱን ሙሉ ከባዶ ይጻፉ።

5. መልሱን ከሩቅ ያስመጡ

ማኑዋሉ ከፕሮግራሙ ጋር ኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚጫን ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ይህ ጥሩ አይደለም። ሁልጊዜ ቴሌግራም ላይ ይጠይቁ፣ ዳታ ይግዙ፣ ኮኔክሽን ይጠብቁ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ሄልፕ ብሎ የሚጽፍ ሰው ምንም አልጎደለበትም። እርስዎ ግን ላም አለኝ በሰማይ ማለትዎን አይተዉ።

6. በአማርኛ ሲጽፉ ጥፋቱን ለማሽኑ ይስጡ

ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ፕሮሎግ የእኛን ፊደል ይቀበላል። ዲላ ስላለችበት ስለ ጌዴኦ አንድ እውነታ ያስገቡ፦

ይበቅላል(ቡና, ይርጋጨፌ).

ቀጥለው ቡና የት እንደሚበቅል ይጠይቁ፦

ይበቅላል(ቡና, ቦታ).

ማሽኑ «ሐሰት» ይላል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰቱን ከቡናው፣ ቡናውን ከትልልቅ ዛፎች ሥር አስማምቶ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እርስዎ ደግሞ እዚያው ዲላ ተቀምጠው፣ ምናልባትም ጀበናው ፊትዎ እየፈላ፣ ቡና አይበቅልም ተባሉ።

እዚህ ላይ አይጠይቁ። ከጠየቁ ነገሩ ይገለጣል። ፕሮሎግ ቫሪያብልን፣ ማለትም መልሱ የሚሞላበትን ስም፣ የሚለየው በትልቅ ፊደል ወይም በአንደርስኮር ሲጀምር ነው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ «ቦታ» የምትለዋን ቃል እንደ ይርጋጨፌ የአንድ የታወቀ ነገር ስም አድርጎ ቆጥሯታል። «_ቦታ» ቢሏት ይርጋጨፌን ወዲያው ያመጣልዎት ነበር። እንዲያውም ትልቅና ትንሽ ፊደል ለሌላቸው ጽሕፈቶች የሚመች፣ ቫሪያብል ሁሉ በአንደርስኮር ብቻ እንዲጀምር የሚያደርግ ማስተካከያ ማኑዋሉ ውስጥ ሰፍሯል። ይህን ሁሉ አንብቦ ከመድከም «ፕሮሎግ አማርኛ አይችልም» ብሎ ለባቹ ማሳወቅ ይቀላል። ይታመናሉም፤ የሚያጣራ የለምና።

ማስጠንቀቂያ

ከላይ የተባለውን ሁሉ ጠብቀው ሳለ እጅዎ አምልጦዎት ሄልፕ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ከሆነ አይደንግጡ። ሁለት ሦስቴ ከደጋገመዎ ግን የሚከተለው ይመጣል፦ አሳይንመንቱን ሐሙስ ጨርሰው ዓርብ ሥራ ይፈታሉ፤ ወሬው ይሰማል፤ ከዚያ ጎበዞቹ ሁሉ ዶርምዎን ማንኳኳት ይጀምራሉ። እርስዎም «ሄልፕ በለው» ይሏቸዋል፤ እነሱ ደግሞ «ተወው ባክህ፣ አንተው ንገረን» ይሉዎታል። ሥራው እስከ ምረቃ ድረስ ቋሚ ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም።