አዋጅ በእንተ ሽርሽረ ሕፃናት

ስማ፣ ስማ፣ መስሚያ ያለህ ስማ! የሰማህም ላልሰማው አሰማ! የሕፃናትን ጠላት፣ ሳልንና ጉንፋንን፣ ይልቁንም «ነገ እንሄዳለን» የሚለውን አንደበት መድኃኔዓለም ያስታግስልን!

ሞዐ እናቱ ዘእምነገደ ድክድክ፣ ሥዩመ አያቱ፣ የአንቀልባ ጡረተኛና የእንኮኮ ባለመብት፣ ዕድሜያችን አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነን እኛ፣ ከላይ ጋይንት እስከ ታች ጋይንት፣ ከስማዳ እስከ እስቴ፣ በየደጋውና በየቆላው ለምትገኙ አባቶችና እናቶች፣ አያቶችና አጎቶች፣ እንዲሁም በሁለት ዓመት ብቻ በልጣችሁን ሳለ ትልቅ ሰው ነን ለምትሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሁሉ ጤና ይስጥልን እያልን፣ ይህን አዋጅ በንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከመደብ ላይ ቆመን እንዲነገር አዝዘናል።

(ጸሐፌ ትእዛዙ አያታቸው ነኝ። ቃሉ የእርሳቸው፣ ማሳመሩ የእኔ ነው፤ ግርማዊነታቸው ከፊደል ገበታ ገና «ሐ» ላይ ስለ ደረሱ፣ ከ«ሐ» ወዲያ ላለው ስሕተት ተጠያቂው እኔ ነኝ።)

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ፍሮቤል የተባለው ጀርመናዊ መምህር ሕፃንን ከተክል ቈጥሮ የሕፃናቱን መዋያ የሕፃናት የአትክልት ቦታ ብሎ ሲሰይም፣ የእኛም ሊቃውንት ከግእዝ ጓዳ ቃል አውጥተው አጸደ ሕፃናት ሲሉት፣ አጸድ ማለትም ዛፍና አበባ የሞላበት ቅጥር መሆኑን አንዳቸውም ሳይስቱት፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለነው የታሰበው ትምህርት ለሁለንተናዊ እድገታችን እንዲሆን ሲደነግግ፣ በዚህ ሁሉ መካከል አጸዱ ጠፍቶ ሕፃናቱ ብቻ ተርፈን፣ አምስቱን ቀን በኦ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሁለቱን ቀን በእናታችን ስልክ ፊት ተቀምጠን የምንውል ስለ ሆነ፤ ይልቁንም፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ነፋስ እንኳ በሚወጣባት ከተማ ሕፃን የማይወጣበት ምክንያት ቢመረመር ስላልተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ ቀዳማዊ። በእንተ ጊዜ።

«ነገ» የሚባለው ቀን ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ምነው ቢሉ፣ ነገ ሲነጋ ዛሬ ይባልና ሌላ ነገ ይሾምበታል፤ ያም እንዲሁ። እኛ በዚህ ዓይነት ከደመወዝ ወደ ፋሲካ፣ ከፋሲካ ወደ ክረምት ማግሥት ስንተላለፍ ሁለት ጫማ ጠቦናል። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥም ውርጩ የሜዳውን ሣር እንደ ጨው ስለሚያነጣው፣ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማንም ሕፃን ከደጅ እንዲወጣ አይገደድም። ፀሐይ ስትሞቅ ግን ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን፣ በዚያም ላይ የአያታችንን ጋቢ ደርበን፣ እጃችን እስከማይታይ ድረስ ተጠቅልለን እንወጣለን። በክረምት ጭቃ መርገጥ የተፈቀደ ነው።

አንቀጽ ካልዓይ። በእንተ አካሄድ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ ከ60 ኩንታል የማያንሰውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱት፣ ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግማሽ ዓመት እንደ ፈጀ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ መጀመሪያ መንገዱን አበጅተው፣ ዳገቱን አስተካክለው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ጎትቱ» ይሉ እንደ ነበር ታሪክ ሲመሰክር፣ የዛሬ ዘመን አባት ግን መንገድም ሳያበጅ፣ ዳገትም ሳያይ፣ ክብደታችን ከሁለት ፍየል የማይበልጠውን እኛን በአንድ እጃችን አንጠልጥሎ «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» ማለቱ ከነገሥታቱ ሥርዓት የወጣ ድፍረት ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህ በመንገድ መካከል የተቀመጠ ሕፃን እንደ ሴባስቶፖል ይቈጠራል። ለምን እንደ ተቀመጠ መጀመሪያ ይጠየቃል። ጉንዳን እያየ ከሆነ ጉንዳኖቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ይጠበቃል። ድንጋይ አንሥቶ ከሆነ ድንጋዩ በአባት ኪስ ይገባል፤ ቁጥሩ ከሰባት እንዳይበልጥ በአባቶች በኩል የቀረበው ልመና ገና በመመርመር ላይ ነው።

(በዚህ አንቀጽ ላይ ጸሐፌ ትእዛዙ የሚመሰክረው አለው። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ እኔ በከዘራ ጥቂት ደቂቃ የምሄደውን መንገድ፣ ከግርማዊነታቸው ጋር ስሄድ ቡና አንደኛው ላይ ትቼ ስመለስ ሦስተኛው አልፎኝ አግኝቻለሁ። በዚያው ጉዞ ግን ስድሳ ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ውስጥ አንዲት ወፍ በመብራት እንጨት ላይ ጎጆ መሥራቷን አየሁ።)

አንቀጽ ሣልሳይ። በእንተ መካናት።

ለሽርሽር የሚሆን ቦታ የለም የሚለው ምክንያት ውድቅ ተደርጓል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ የዘረጉት መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ ከዳር፣ ከጉብታው ላይ ተቀምጦ አይሱዙን ከሲኖትራክ መለየት፣ ባጃጅ ስታልፍ እጅ ማውለብለብ፣ ከመናኸሪያውም በር ቆሞ ረዳቱ «ጋሸና! ወልድያ!» ሲል መስማትና ወደ ቤት ተመልሶ በርጩማዎቹን ደርድሮ አያትን «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ፣ ሰው አለ!» እያሉ መጫን፣ ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ የተሰጠን ነው። አውቶቡስ ለእናንተ መድረሻ ነው፤ ለእኛ ግን ራሱ አውቶቡሱ ነው የምንሄድበት ቦታ።

ጉናን በሚመለከት፣ ተራራው ከ4000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጫፉ ላይ እንውጣ አንልም፤ ይህን የሚለው በሰርግ ላይ ስለ ጉልበቱ የሚያወራው አጎታችን ብቻ ነው። እስከ ግርጌው በመኪና፣ ከዚያ ጥቂት በእግር፣ ሲደክመን በእንኮኮ መሄድ ይበቃናል። እዚያ ጅብራን እናያለን፤ ከአባታችን ቁመት በላይ ወጥቶ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተውን። ለምን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያብብ ስንጠይቅ «ዝም በል» የሚል መልስ አይሰጥም። ጭላዳ ስናገኝም ሩቅ ቆመን እናያቸዋለን፤ እነርሱ እንደ ሰንበቴ ማኅበርተኛ በክብ ተቀምጠው፣ ሣር በጣታቸው እየነጩ እየበሉ፣ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ያወራሉና። ከእነርሱ ወገን «ቶሎ በል» ሲል የተሰማ የለም። ብስኩት መወርወር ክልክል ነው፤ ብስኩቱ የእኛ ነው። ከዚያው ተራራ ርብና ጉማራ ተነሥተው ወደ ጣና ስለሚወርዱ፣ ምንጭ ባገኘን ጊዜ ቅጠል እንጥላለን፣ ቅጠላችንም ጣና መድረሱን አያታችን በስልክ ባሕር ዳር ደውሎ ያጣራል።

(ደውያለሁ። ባሕር ዳር ያለችው እኅቴ አንዲት ነገር ሳትጠይቅ «አዎ፣ አሁን ደረሰ» አለች። እግዚአብሔር ይስጣት።)

ወደ ገዳማትና አድባራት የሚደረገው ጉዞም ከዚህ አንቀጽ አይወጣም። ከአያታችን ከእምዬ ጋር ጨጨሆ መድኃኔዓለም ስንሄድ፣ ቅዳሴው ረዝሞብን ከዐጸዱ ብንሯሯጥ መልአክ እንጂ ሰይጣን እንደማይመዘግብብን ታውቆ፣ ጆሯችን እንዳይጠመዘዝ። ወደ ጋይንት ቤተልሔምም፣ ወደ ድጓው ምስክር ቤት፣ አንድ ቀን ውሰዱን። የእኛ አያት በዚያ ያሉት ደቀ መዛሙርት አንዱን ዜማ ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው ዓመት ከዓመት ሲደግሙት፣ ሲቀጽሉት፣ እንደገና ሲደግሙት እጅግ አድርጎ ያደንቃል፤ እንባውንም ያብሳል። እኛ ግን የቀበሮዋን ተረት ለሰባተኛ ጊዜ ድገምልን ባልነው ማታ «አሁንስ ሰለቸኝ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቧል። የቅዱስ ያሬድ ልጆች ሲደግሙ ትጋት፣ የእኛ ድገምልን ማለት ግን ንዝንዝ የሚባልበት ፍርድ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገኘ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

(መልስ የለኝም። በዚያው ሌሊት ተነሥቼ ስምንተኛውን ተርኬያለሁ፤ ተኝተው ነበር።)

አንቀጽ ራብዓይ። በእንተ ስንቅ ወበእንተ ሸክም።

ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቅቅል ድንች። የእሸት ወራት ሲሆን ስንቅ አያስፈልግም፤ ባቄላው ከማሳው ዳር፣ የገብሱም እሸት ከለኰስነው እሳት ተጠብሶ ይበላል፣ ፊታችንም በጥላሸት ቢጠቁር እስከ ማታ ድረስ ማንም እንዳያጥበን። ሸክሙን በሚመለከት ግን ለረጅም ዘመን የተደበቀ ነገር ስለ ተገለጠልን እንናገራለን። ቤተ ሰብ ለሽርሽር ሲወጣ እናታችን ምሳውን፣ ውሃውን፣ ልብሱን፣ ታናሽ እኅታችንንም ተሸክማ፣ አባታችን ከዘራ ብቻ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ሲመለስም «ዛሬስ ልጆቹን አንሸራሸርኳቸው» ይላል። ከእንግዲህ ከዘራውን እናታችን ትይዛለች።

አንቀጽ ኃምሳይ። በእንተ አጎት ዘእምአዲስ አበባ።

በየዓመቱ ለጥምቀት የሚመጣ፣ «የእናንተ አገር ልጅ የሚወስዱበት የለውም እኮ» እያለ የስድስት ኪሎን የአንበሳ ግቢ፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውንም አንድነት ፓርክ በስልኩ የሚያሳየን አጎት አለን። አዲስ አበባን አንንቅም፤ ቢወስደን እንሄዳለን፤ እንዲያውም ቦርሳችን ተዘጋጅቷል። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ አንበሳው ተኝቷል። በሌላውም ሥዕል ተኝቷል። የእኛ የጎረቤት በግ ግን አትተኛም፤ ባለፈው እሑድ ባርኔጣችንን በልታለች። ከቀደሙት ትልልቅ ሰዎች ውስጥ አባባ ተስፋዬ ብቻ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን መስኮት ለሕፃናት ተረት ሲነግሩ፣ የትም ሳይወስዱ ብዙ ቦታ እንዳዞሯቸው ከወላጆቻችን ሰምተናል። ስለዚህ አጎታችን በሚመጣው ጥምቀት ሥዕሉን ትቶ ራሱን ያምጣ። ስልኩ በእምዬ መቀነት ይታሰራል፤ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ይፈቀዳል፣ እርሱም ምላሳችንን ካወጣን በኋላ ነው።

አንቀጽ ሳድሳይ። በእንተ መቅሠፍት።

«ቶሎ በል» ያለ ሰው፣ ለመጀመሪያው በምክር፣ ለሁለተኛው በግሣጼ፣ ለሦስተኛው ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ እኛን በእንኮኮ በመሸከም ይቀጣል። ቃል ገብቶ የቀረ ሰው አኩኩሉ ይጫወታል፤ እርሱ ከበሩ ኋላ ይደበቃል፣ እኛም ሳንፈልገው እራታችንን በልተን እንተኛለን። በሽርሽር ላይ ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ የተኛ ሰው ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም።

(ይህ የተጻፈው ለእኔ ነው። ባለፈው ጥቅምት በመስኩ ላይ ጥቂት አሸለብኩ፤ ስነቃ ምሳችን በሙሉ ለሁለት ፍየሎች ተከፋፍሎ፣ ግርማዊነታቸውም በመካከላቸው ቆመው «አባባ፣ እንግዶች መጥተዋል» አሉኝ።)

ይህ አዋጅ ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው። እንደ ሥርዓቱ ተመርምሮ፣ ስሕተቱ ታርሞ፣ በቀይ ቀለም ርእሱ ተጽፎ ሊወጣ ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን አዋጅ ነጋሪው የግራውን ጫማ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርገው ከበሩ ላይ ቆመው እጄን ስለ ያዙኝ፣ አዋጁም እኔም ሳንታረም ወጥተናል።