ቁርጡን ንገሩን

ልባችን ተበትኗል። አንድ ገጽ አንብበን ስንጨርስ ምን እንዳነበብን አናውቅም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራን ራሳችንን እየነቀነቅን ሐሳባችን ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ጓዳ የገባነው ምን ልናመጣ እንደሆነ ጠፍቶብን ቆመን እንቀራለን። መሥሪያ ቤት አንዲት አጭር ደብዳቤ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔን ደክሞኛል፤ የማገኛቸውን ሰዎችም ሁሉ ደክሟቸዋል።

ይህ አልበቃ ብሎ መካሪው በዝቷል። «አታስብ» ይላል አንዱ። «ስልክህን ዝጋ» ይላል ሌላው። «በረጅሙ ተንፍሱ፣ አእምሯችሁን ተቆጣጠሩ» የሚል ሥልጠና በየአዳራሹ ይሰጣል። ምክሩ ሁሉ ጥፋቱን የሚጥለው በተበተነው ሰው ላይ ነው። ሥርዓት ስለሌለህ ነው፣ ራስህን ስላልገዛህ ነው ይለዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ደግሞም «አታስብ» የሚለው ምክር እንደማይሠራ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ትዝ ባላቸው ቁጥር ግን ደወል እንዲመቱ አዘዟቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። ከዚያ በኋላ «አሁን እንደልባችሁ አስቡ» ሲባሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። ነጭ ድብ ለእነዚያ ተማሪዎች ምናቸውም አልነበረም። ለአንዲት እናት «የልጅሽን የትምህርት ቤት ክፍያ አታስቢ» ማለት ምን ሊጠቅማት ነው?

ስልኩ እንደሚበትነን አልክድም። የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ የእድሩ አለ፣ የመሥሪያ ቤቱ አለ፣ የዘመድ አዝማዱ አለ፤ ሁሉም ይጮኻል። ግን ስልኩን ዘግተንም ልባችን አይሰበሰብም። የሚበትነን ውስጣችን ተንጠልጥሎ የቀረው ነገር ነው።

ውሃን እንውሰድ። ውሃ በፈረቃ መሆኑን ለምደነዋል። ፈረቃው በተባለው ቀን ቢመጣ ማንም ብዙ አያማርርም ነበር። ግን ማክሰኞ የተባለው ሐሙስ ሌሊት ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ስለዚህ ማታ ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅነን እንተኛለን፤ ሲመጣ በድምፁ እንድንነቃ። መጀመሪያ አየሩ ያፏጫል። ከዚያ የደፈረሰው ይወርዳል። ከዚያ ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ሳፋው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል። ብዙውን ጊዜ ለዚህ የምትነሳው የቤቱ እናት ናት። ውሃው ባልመጣበት ሌሊትም ቢሆን አንድ ጆሮዋ ቧንቧው ላይ ነው፤ እንቅልፏ እንቅልፍ አይባልም። ጠዋት ሥራ ገብታ ሒሳብ ስትሳሳት «ምነው፣ ልብሽ የት ነው?» የሚላት አለቃ፣ ልቧ የት እንዳደረ ቢያውቅ መልካም ነበር።

ጉዳይ ለማስፈጸም የሄደ ሰውም እንዲሁ ነው። «ሲስተም የለም።» «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ከሰዓት ብቅ በሉ።» «እናያለን።» መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አልወቅሳትም፤ ብዙ ጊዜ እሷም የነገራት የለም። የምንቆጥረው የጠፋብንን ግማሽ ቀንና የታክሲውን ሰልፍ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ፋይሉ ጭንቅላታችን ውስጥ ክፍት ሆኖ አብሮን ወደ ቤት መምጣቱ ነው። ራት እየበላን «ሰኞ ብሄድ ይሻላል ወይስ ረቡዕ?» እንላለን። ልጃችን የቤት ሥራውን ይዞ መጥቶ ሲጠይቀን መልስ የምንሰጠው ግማሹን ሰምተን ነው።

ኮንዶሚኒየምን ማንሳት ሳያሳምመኝ አይቀርም። በ1997 የተመዘገቡ ሰዎች ነበሩ፤ በ2005 ደግሞ ሌሎች ተጨመሩ። ከደመወዛቸው እየቀነሱ ባንክ ቆጠቡ። በ2014 መጨረሻ የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ፣ ስማቸውን አይተው እልል ያሉ ሰዎች እልልታቸውን መልሰው ዋጡ። ያ ዕጣ በ2015 እንደገና ወጣ፤ ያልደረሳቸው ግን እንደቆጠቡ ቀሩ። በ1997 ሲመዘገቡ የታዘለ ልጅ ዛሬ ወጣት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቤቱን ከማጣት ያልተናነሰ መከራ፣ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አለማወቃቸው ነው። መሬት እንግዛ? ወደ ገጠር እንመለስ? ብሩን አውጥተን ሱቅ እንክፈት? ቁርጡ ስላልታወቀ አንዱንም መወሰን አልተቻለም።

በመንግሥት ብቻ እንዳላሳብብ፣ እኛም እርስ በርሳችን እንዲሁ ነን። ቧንቧ ሠሪው «እየመጣሁ ነው» ብሎ ስልኩን ያጠፋል። ሥራ ፈልጎ ቃለ መጠይቅ የተቀመጠው ወጣት «እንደውልልሃለን» ተብሎ ከወጣ በኋላ ለሳምንታት የማያውቀው ቁጥር በጠራ ቁጥር ይደነግጣል። አልተቀበልንህም ለማለት አንድ መልእክት ይበቃ ነበር። አከራይ በር ላይ ቆመው «ኑሮው እኮ ተወደደ፣ እንግዲህ መነጋገር አለብን» ብለው ይገባሉ፤ ከዚያ ሁለት ወር ዝም ይላሉ። ያቺ ግማሽ ቃል ተከራዩ ቤት ውስጥ የምታደርገውን ነገር አከራዩ አያውቁትም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ማዘዙን የምወድለት ለዚህ ነው። ከገንዘቡም በላይ ለተከራዩ የሚሰጠው በእርግጠኝነት የሚያውቀውን ጊዜ ነው። በቃል ውል የሚኖረው ብዙ ሰው ግን ዛሬም የሚያድረው አከራዩ ጠዋት ምን ይሉ ይሆን እያለ ነው።

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርሊን ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ሰው ጀምሮ ያቋረጠውን ሥራ ከጨረሰው ይልቅ ያስታውሳል ብላ ጻፈች። ስለ ማስታወሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል፤ ሰው የተቋረጠበትን ሥራ ለመጨረስ መመለስ እንደሚፈልግ ግን በተደጋጋሚ ታይቷል። እኔን የነካኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያሳተሙት ጥናት ነው። ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሲያነቡ ጉዳዩ እየመጣ አቋረጣቸው። ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚጨርሱ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ያወጡት ግን በሰላም አነበቡ። ልብ በሉ፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ ዕቅድ ብቻ ነው የወጣለት። ልብ የሚያርፈው ነገሩ እስኪፈጸም ጠብቆ ሳይሆን ቀኑን ሲያውቅ ነው።

እንግዲህ የእኛ መከራ እዚህ ላይ ነው። ዕቅድ ለማውጣት ቀን ያስፈልጋል፣ ቀኑ ደግሞ ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው። ሐሙስ በአራት ሰዓት ቢሉኝ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፈውና እስከ ሐሙስ እረሳዋለሁ። «እናያለን» ቢሉኝ ምን ብዬ ልጻፍ? በእጃችን ባለው ነገርማ ዘዴው ይሠራል፤ እመክረዋለሁም። ማታ ከመተኛት በፊት የቀረውን ሁሉ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ማስፈር እውነትም ያቀላል። ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ደግሞ አለ፤ በየቀኑ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ መጨነቅ፤ ሐሳቡ ከዚያ ውጭ ሲመጣ «ሰዓትህን ጠብቅ» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ። ይህም ለብዙዎች ጠቅሟል።

ግን ያ አንድ ቦታ የት ነው? በአንድ ክፍል አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ብቻን የሚቀመጡበት ማዕዘን የለም። ካፌ ብንገባ አንድ ማኪያቶ ወንበር ያስገኛል፣ ጸጥታ ግን አያስገኝም፤ ሙዚቃው ከፍ ስለሚል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ይጯጯኻሉ። አንገታችንን ደፍተን የምንቀመጥበት ቦታ ሲከፈት የማደንቀው ለዚህ ነው። በ2014 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ወጣት ከመጽሐፉ እኩል ጸጥታውን ሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ቦታ በየወረዳው ቢኖር ለቅንጦት አይቆጠርም።

ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱም ልብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ነበሩ። የገዳም አባቶች ሐሳብን መሰብሰብ የዕድሜ ልክ ትግል መሆኑን ያውቁ ነበር፤ መጽሐፈ መነኮሳትን ያነበበ ሰው በሐሳብ መዋከብ ለእኛ ዘመን ብቻ እንዳልተሰጠ ያያል። ዛሬ ቅዳሴው መሐል ስልክ ይጮኻል፣ ሰላቱ ላይ ስልክ ይጮኻል። ባለ ስልኩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም እስካሁን ያልተደወለለትን አንድ ጥሪ እየጠበቀ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ጉዳይ ፈጻሚ የሆናችሁ፣ ካልሆነ አይሆንም በሉን። የሚሆን ከሆነ ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡን፤ ቀኑ ከተለወጠም እኛ ከመምጣታችን በፊት በአጭር መልእክት አሳውቁን። ውሃው የማይመጣ ከሆነ እንደማይመጣ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ቧንቧውን ዘግተን እንተኛ። አሠሪዎች፣ ያልመረጣችሁትን ልጅ አልመረጥንህም በሉት፤ ሌላ ቦታ ያመልክት። አከራዮች፣ ልትጨምሩ ከሆነ ስንትና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ። እኛም ለቧንቧ ሠሪው፣ ለልብስ ሰፊው፣ ገንዘብ ላበደረን ጓደኛችን የምንሰጠውን ቀን እናክብር፤ ካልቻልን ዛሬውኑ ደውለን አልቻልኩም እንበል።